የገረጋንቲው ኩሬ መርከበኛ

ባለፈው ጥር ቤተሰብ ልጠይቅ ቦንጋ ሄጄ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ ታናሽ ወንድሜ ኪሩቤል ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «እይማ፣ እይማ! አዲስ ነገር መጥቷል!» አለኝ። አንድ የማላውቀው ሐይቅ ላይ ሰዎች ረዣዥም ቦርድ ላይ ቆመው፣ በእጃቸው ሸራ ይዘው፣ ነፋሱ እየገፋቸው ቀስ ብለው ይንሸራተታሉ። ወንድሜ እንደ ዜና አንባቢ ያስረዳኛል። ዊንድሰርፊንግ ይባላል፤ ድሮ በረዥሙ ነበር፤ ከዚያ አጭርና ፈጣን መጣ፤ አሁን ደግሞ ሰዉ አጭሩ ሰልችቶት አሮጌውን ረዥም ከየዕቃ ቤቱ እያወጣ ነው። አጭሩ ኃይለኛ ነፋስ ካላገኘ ይሰምጣል፤ ረዥሙ ግን በትንሽ ነፋስ ይሄዳል፣ ሽማግሌም ሕፃንም ይሸከማል። አዲስ ነገር ነው አለኝ እኮ! ደሜ ፈላ።

አባቴ በረንዳው ላይ የጭነት መኪና ሸራ ይጠግን ነበር። ሰም የተቀባ ክር በጥርሱ እንደያዘ አንገቱን አስግጎ ስልኩን አየና «ተመለሰ? የት ሄዶ ኖሯል?» ብሎ ወደ መርፌው ዞረ። ኪሩቤል «አባዬ፣ አንተ ታውቀዋለህ እንዴ?» ቢለው፣ «ኧረ እኔ ረስቼዋለሁ» አለው። ረስቼዋለሁ! ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ስሙን ሲያወጡልኝ ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ ይህንን ሰው ግን በትዕግሥት የሚችለው የለም። የሰሙና የሸራው ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ሲገባ አሥር ዓመቴ ላይ ቁጭ አልኩ።

አባቴ መርከበኛ ነበር። ቦንጋ ውስጥ መርከበኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጫካ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ቡና አለ፣ ማር አለ፣ ጭቃማ ስንቱን፤ ባሕር ግን ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም። በጉርምስናው ምፅዋ ባሕር ኃይል ነበር። ባሕር ኃይሉ ሲበተን በእጁ የቀረው ሙያ ሸራ መስፋት ሆነና፣ ቡና ሊጭን ከሚመጣ ሹፌር ጋር ቦንጋ ገባ፤ እናቴን አገኘ፤ በዚያው ቀረ። ሰዉ ፊት ለፊት ጋሽ ታፈሰ ይለዋል። ከኋላው የሚሉትን ተዉት።

ምክንያቱም አባቴ አፉ አያርፍም። የቡና ማስጫ ሸራ ሊያሰፋ የመጣ ገበሬ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ፣ እሱ የስፌት መኪናውን በእግሩ እየመታ ስለ ምፅዋ ይነግረዋል። መቶ አለቃቸው ረዥም ቦርድ ነበረው፤ አባቴ እሱ ላይ ቆሞ፣ ሸራ ይዞ፣ ነፋስ እየገፋው ባሕሩ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ደግሞ በዚያው ነፋስ፣ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ ተመልሶ ይመጣል። ገበሬው፣ አባቴ «ባሕሩ ውስጥ ይገባል» እስከሚለው ድረስ ራሱን ይነቀንቃል። «ተመልሶ ይመጣል» ሲባል ግን ቀስ ብሎ እናቴን ያያታል።

እናቴ የቦንጋ ልጅ ናት። እንግዳ ፊት ቃል አይወጣትም። ሰውየው ሸራውን ተሸክሞ ሲወጣ ነው የሚብስባት፤ በአገሯ ቋንቋ በካፊኖኖ ትጀምርና፣ መሀል ላይ አባቴ በደንብ እንዲገባው ወደ አማርኛ ትሻገራለች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ሰው ሊያሰፋ ሲመጣ ዝም ብለህ ስፋለት! ምፅዋን ማን ጠየቀህ?» አባቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ቀጣዩ ገበሬ ሲመጣ ከመቶ አለቃው ይጀምራል።

ትምህርት ቤት ያለው ጣጣ ደግሞ የባሰ ነበር። አራተኛ ክፍል ነኝ። የሳይንስ መምህራችን ቲቸር ዳዊት «በውሃ ላይ የሚጓዙ ነገሮችን ተናገሩ» አሉን። አንዱ መርከብ አለ፣ አንዱ ጀልባ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው የባለሱቁ ልጅ ሙኒራ ታንኳ አለች። እኔ እጄን አውጥቼ «ሰው ቆሞ የሚሄድበት ረዥም ጣውላ» አልኩ።

«ማን ነው የሚቆምበት?» አሉኝ።

«አባቴ። በነፋስ ይሄዳል፤ ደግሞ ወደ ነፋሱ ተመልሶ ይመጣል።»

ቲቸር ዳዊት ክፉ ሰው አልነበሩም። ጠመኔያቸውን አስቀምጠው አስረዱኝ። ነፋስ የሚገፋው ነገር ነፋሱ ወደሚሄድበት ነው የሚሄደው። ጤፍ ሲወቃ አይታችሁ የለ? ገለባው ተመልሶ ይመጣል? ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አይመጣም!» አለ። «አባቴ ገለባ አይደለም» አልኩ። ከኋላ አንዱ «በውሃ ላይ የሄደ ጌታ ብቻ ነው» ሲል፣ ሌላው ተቀብሎ «ጴጥሮስም ሞክሯል፤ ግን ሰመጠ!» አለ። በቃ፣ አለቀልን። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ጴጥሮስ፣ እኔ የጴጥሮስ ልጅ ሆንን። ውሃ ልቀዳ ስሄድ እንኳ «እንዳትሰምጪ!» የሚለኝ አላጣም።

ሙኒራ አልሳቀችም። ስንወጣ ግን እጄን ይዛ፣ ለእኔ አዝና፣ «ሱቅ የሚመጡት ሁሉ አባትሽ ውሸታም ነው ይላሉ እኮ» አለችኝ። ስድብ ቢሆን ፀጉሯን ይዤ እገላገል ነበር። አዘኔታው ነው ያቃጠለኝ።

«ቢያሳይሽ ታምኛለሽ?» አልኳት።

«ሄዶ ከተመለሰ።»

«ይመለሳል!»

«ካልተመለሰስ?»

«ካልተመለሰ እኔንም ውሸታም በይኝ። ለክፍሉ ሁሉ ንገሪ።»

ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው! ባሕር በሌለበት አገር፣ ቦርድ በሌለበት ቤት፣ እኔ የአባቴን ቃል የራሴ አደረግኩት።

ጥቅምት ላይ ስልክ ተደወለ። የአባቴ የድሮ ጓደኛ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ ዘበኛ ነበር፤ ሆቴሉ ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ አንድ አሮጌ ቦርድ ሊጥል ነው አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ይዘጋል። አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ እንባው ወረደ። «ረዥሙ ነው? እርግጠኛ ነህ፣ ረዥሙ ነው?» ይላል ደጋግሞ። ረዥሙ ነበር። ስልኩን ዘግቶ ለእናቴ ያብራራላት ጀመር። «የኛ ነፋስ ምን ነፋስ ነው፣ እፍ ነው እንጂ! አጭሩ ቢሆን ዋጋ የለውም። ረዥሙ ግን እፍም ይበቃዋል። አይቸኩልም፣ አይጥልሽም፣ ቆመሽበት አገር እያየሽ ትሄጃለሽ።» እናቴ ሽሮዋን እያማሰለች «እኔ የት ልሄድ ነው?» አለችው።

ቦርዱ ቡና ሊጭን በሚመጣ ባዶ መኪና ላይ ተጭኖ ገባ። ድሮ ነጭ የነበረ፣ አሁን እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ የሆነ፣ ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ ነገር ነው። መናኸሪያው አጠገብ ሲወርድ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ የአውሮፕላን ክንፍ ነው አለ፤ አንዲት እናት የሬሣ ሣጥን ክዳን መስሏቸው «ማን ሞተ?» ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አባቴ ደግሞ እንደ ሰው አንድ ጋሪ ቢለምን ምን ነበረበት? ባጃጅ ጠራ። ቦርዱን በባጃጁ ወገብ አሻግሮ አስገባው፤ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ክንድ ወጥቶ ቀረ። ሚኒባስ ማለፍ አልቻለም፤ አህያ ማለፍ አልቻለም። ጡሩምባው ሲቀልጥ እሱ ከኋላ በኩል ቦርዱን አቅፎ ይስቃል። እኔ ደብተሬን ፊቴ ላይ አድርጌ በሌላ መንገድ ሄድኩ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አለችና ገባች።

ያ ወር የቡና መድረቂያ ነው። ገበሬው ሁሉ ሸራ የሚፈልግበት፣ ነጋዴው የሚጣደፍበት ጊዜ ነው። አባቴ የሰዉን ሥራ ገፍቶ ለራሱ ሸራ ይሰፋል። መሬት ላይ በከሰል ይስልና ይለካል፤ ይቆርጥና ይተክዛል፤ እንደገና ይፈታዋል። ምሰሶው ቀርከሃ ሆነ። ምሰሶው ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ እንዲተጣጠፍ ከመነዳሪ፣ የከባድ መኪና ጎማ የውስጡን ላስቲክ፣ ቆራርጦ አሰረበት፤ ቤቱ በሙሉ ጎማ ጎማ ሸተተ። ደጃፉ ላይ ሁለት ገበሬዎች ተቀምጠው ሲጠብቁ እናቴ ሙዝ ትሰጣቸዋለች፤ ምን ታድርግ? ሦስተኛው ቀን ላይ ሙዙም አለቀ።

ደግሞ ከዋንዛ እንጨት አንድ ሰፊ ስለት የመሰለ ነገር ጠረበ፤ ክንድ ከስንዝር ይሆናል። «ምላሷ ናት» ይላል። የምን ምላስ? እኔ መቅዘፊያ ነው ብዬ ተውኩት። እናቴ አንድ ቀን ሊጥ ከደነችበት።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ቀዳዳው ነበር። ቦርዱ መሀል ለመሀል ቀዳዳ አለው። ትንሽ ቀዳዳ እንዳይመስላችሁ! ከላይ እስከ ታች ያለፈ፣ ረዥም ስንጥቅ ነው፤ ክንዴን ሳስገባ ጣቶቼ በሆዱ በኩል ብቅ ይላሉ። ውሃ ላይ ሊወጡበት የተቀደደ ዕቃ! «አባዬ፣ ይሄ ቀዳዳ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «እሱማ! እሱማ ዋናው ነገር!» አለና ዓይኑ በራ፤ ከዚያ መቶ አለቃው አንድ ቀን ዓሣ እግሩን ስለነካው እንዴት እንደጮኸ ይነግረኝ ጀመር። ስለ ምፅዋ ዓሣ ግማሽ ቀን የሚያወራ ሰው ስለዚያች ቀዳዳ ሁለተኛ ቃል አልተነፈሰም። እስከ ዛሬ ይህን ሳስብ እበግናለሁ።

ሊወጣበት ያሰበው ውሃ ደግሞ ኩሬ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መንገድ ሠሪዎች ገረጋንቲ ቆፍረው ያወጡበት ጉድጓድ ነበር፤ ክረምት ሞላውና ሁለት የኳስ ሜዳ የሚያህል ኩሬ ሆነ። አባቴ በገመድ ለክቶ ሦስት ሰው ቢደራረብ አይደርስም ብሏል። በዚያው ዓመት የሰው በሬ ሰምጦበት በገመድ ተጎትቶ ወጥቷል። እናቴ ለጎረቤት «ቀዳዳ ነገር ላይ ቆሞ ሊወጣ ነው። ልጆቼን ያለ አባት ሊያስቀርልኝ ነው» ስትል ሰማኋት። ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም። ያኔ ነው የፈራሁት።

ቅዳሜ እናቴ ቡና ለቀማ እንዳግዝ ማንኪራ ገጠር ወዳለው አጎቴ ወልዴ ላከችኝ። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ ንብ ያረባል። ስደርስ ከዛፍ ላይ ሊሰቅለው ያዘጋጀውን ቀፎ መሬት ላይ አጋድሞ፣ ስንጥቁን በእበት፣ በአመድና በጭቃ እየደፈነ ነበር። በአውራ ጣቱ ይጭናል፣ በምራቁ ያለሰልሳል፣ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ብርሃን ያሾልክ እንደሆነ በአንድ ዓይኑ ያያል። «ቀዳዳ ትቶ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ለጉንዳን ቤት ሠራ» አለኝ።

«ውሃስ ያልፈዋል?»

«ሰፈፍ ከቀላቀልሽበት ውሃም አያልፈው።»

ሰፈፍ ማሩ ተጨምቆ የሚቀረው ሰም ነው። ለመንኩት። ቡና ከለቀምኩለት በኋላ ሁለት እጄን የሚሞላ ድቡልቡል በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ምን ልታደርጊበት ነው?» አለ። «ቀፎ» አልኩ። አጎቴ ደስ ብሎት ጭንቅላቴን ዳበሰኝ።

ማክሰኞ አባቴ ሸራ ሊያደርስ ሲሄድ ቦርዱ ያለበት ጓሮ ገባሁ። ሰፈፉን በቆርቆሮ አቀለጥኩ፤ አመድ ጨመርኩ፤ እበትና ጭቃ ለወስኩ፤ ስንጥቁን መጀመሪያ በቡትቶ ጠቀጠቅኩና ከላይም ከታችም አጎቴ እንዳደረገው በጣቴ እየጫንኩ ደፈንኩት። እጄ ተቃጠለ። በአንድ ዓይኔ አየሁ፤ ብርሃን የለም። ሸራ አለበስኩት። አባቴን ከሞት ያዳንኩ መስሎኝ፣ ማታ እራቴን ስበላ በኩራት ደረቴ ተነፋ። አባቴ የተጠራቀመበትን የሰው ሥራ ሲያጣድፍ ሸራውን አልገለጠም፤ ፀሐዩ ደግሞ እስከ እሑድ እንደ ድንጋይ አደረቀው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰው ከየቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ኩሬው ዳር ሞላ። ልጆቹ አሉ። ሙኒራ ከአባቷ ጋር መጥታለች። ቲቸር ዳዊት ኮታቸውን ለብሰው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል። እናቴ ኪሩቤልን አዝላ ከሰዉ ራቅ ብላ ቆማለች። ነፋሱ ከእኛ ወደ ማዶ ይነፍሳል፤ ደግ ነፋስ ነበር፤ ቅጠሉን ይነቀንቃል እንጂ አይጮህም። አባቴ ቁምጣ ለብሶ እስከ ጉልበቱ ገባ። ቦርዱን አንሳፈፈው። ከዚያ ያችን የዋንዛ ምላስ አነሣና ወደ ቀዳዳው አጎነበሰ።

መቅዘፊያ አልነበረችማ!

አንዴ ገፋት። ደገመ። እንቢ አለች። ጎንበስ ብሎ አየ፤ በአውራ ጣቱ ነካው። እኔ የጫንኩበት ቦታ ላይ የጣቶቼ ምልክት እንደታተመ ነው፤ አራት ትናንሽ ጎድጓዳ። የራሱን ጣት እዚያ ላይ አሳረፈ፤ አይገጥምም። ቀና አለና በዓይኑ ሰዉ መሀል ፈለገኝ። አገኘኝ። ሙኒራ አጠገቤ ቆማ እጄን ይዛለች።

«ምን ሆነ? ምን ጎደለ?» አለች እናቴ ከሩቅ።

«ምንም፤ ምንም አልጎደለም» አለ። ምላሷን ሣሩ ላይ ወረወራት፤ ቦርዱ ላይ ወጣ፤ ሸራውን አነሣ።

ሄደ! አባቴ ውሃ ላይ ቆሞ ሄደ። ሸራው ያን አሮጌ ቦርድ ይዞት ሲነጉድ ኩሬው ዳር ያለው ሕዝብ አጨበጨበ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ጀርባው ቀጥ ብሏል፤ ሸራ ሲሰፋ የሚጎብጠው ሰው አልነበረም። እኔ ብቻ ነኝ ያላጨበጨብኩት። ማዶ ሊደርስ ሲል ሸራውን አዞረ። ቦርዱ አፍንጫው ዞረ፤ ግን ወደፊት መምጣት ትቶ በጎኑ ይንሸራተት ጀመር፤ ወደ ማዶው፣ ውሃው ዳር ወደ በቀለው ፊላ። አባቴ ወደቀ። ተነሣ። እንደገና አዞረ። እንደገና በጎኑ። ወደቀ። ሦስተኛው ላይ ፊላው ውስጥ ገብቶ ጭቃው ያዘው። አንዱ «ጴጥሮስ ሰመጠ!» ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ዳዊት ወደ ልጆቹ ዞረው ዝቅ ባለ ድምፅ «አያችሁ?» አሉ። ሙኒራ እጄን ለቀቀችው።

ኩሬውን ዞሮ፣ ቦርዱን በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ መጣ። ሁሉም ይጠይቀዋል። «ረሳሁት» አለ። «ስንት ዘመን ሆነ፤ መመለሻውን ረሳሁት።» እናቴ እንኳ ያን ቀን አልተቆጣችውም፤ ነጠላዋን አንሥታ ጭቃውን ከፊቱ ጠረገችለት። ብትቆጣው ይሻለኝ ነበር።

ጓሮ ብቻችንን ስንሆን «ለምን ደፈንሽው?» አለኝ።

«እንዳትሰምጥ።»

ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ! ከዚያ፣ አሁን ነው እንግዲህ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ጀመር። ምላሷ በቀዳዳው ገብታ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ውሃውን ቀጥ አድርጋ ትይዛለች፤ ነፋሱ በጎን ሲገፋ ቦርዱ በጎን መሄድ ይከለከልና ወደፊት ይሾልካል። ረዥሙን ቦርድ ረዥሙ ቦርድ የሚያደርገው እሷ ናት። መሄድማ ገለባም ይሄዳል።

«ታዲያ ለሰዉ ንገር!» አልኩት።

«ምን ብዬ? ልጄ ናት ብዬ? እናትሽ ቆዳሽን ትገፈዋለች። ልጆቹ ዕድሜሽን ሙሉ ይዘባበቱብሻል። ተይው፣ እኔ ለምጄዋለሁ።»

አንተ ለምደኸዋል፤ እኔስ? የእኔ ቃልስ? ይህን አላልኩም፤ ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ገበያ በወጣበት ሰዓት፣ «ነይ» አለኝ። ድፍኑን በምስማርና በፈላ ውሃ ፍቆ አውጥቶታል። እሱ ቦርዱን በራሱ ላይ፣ እኔ ምላሷን በእጄ ይዘን ሄድን። ኩሬው ላይ ዝንብ እንኳ የለም። ከፊት በኩል አስቀመጠኝ፤ እግሬን በግራና በቀኝ ውሃ ውስጥ ለቀቅኩ። ምላሷን ከተታት፤ ስትገባ ቦርዱ ውስጥ ድው አለች።

ነፋስ አለ ለማለት ያስቸግራል፤ ሸራው ግን አገኘው። ከሥሬ ውሃው ይንሾካሾክ ጀመር። ሞተር የለ፣ መቅዘፊያ የለ፣ የሚጮህ የለ፤ ያ ሁሉ እንጨትና ሸራ፣ አባቴና እኔ ተጭነንበት፣ በእፍ ይሄዳል። ጫካው በጎናችን ቀስ ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ባላውቅ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ምንም መጓጓዣ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማዶ ስንደርስ «ጎንበስ በይ» አለ፤ ሸራው በላዬ አለፈ። ነፋሱ ፊቴን መታው። ፊቴን! ወደሚመጣብን ነፋስ ነው የምንሄደው። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ እየተጠማዘዝን፣ ቦርዱ አንድም ጊዜ በጎኑ ሳይንሸራተት፣ የተነሣንበት ሣር ላይ መጥተን ቆምን።

ተመለሰ። እኔ ራሴ ላዩ ላይ ሆኜ ተመለስኩ።

ወርጄ ዙሪያዬን አየሁ። አንድ ሰው የለም። እሑድ ግማሽ ቦንጋ ቆሞበት የነበረው ሣር ላይ አንዲት ላም ትግጣለች። «ሰው የለም እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «ለምን ቅዳሜ? ለምን ሰው በሌለበት?»

«አንቺ አለሽ አይደል?» አለኝ። ደስታው ፊቱ ላይ ሞልቶ ፈሷል። ምን ይባላል እንዲህ ላለ ሰው?

ሰኞ ክፍል ገብቼ ነገርኩ። ሙኒራ መጀመሪያ ዓይኗን አፈጠጠች፤ «ማን አየ?» አለች። «እኔ!» «ሌላስ?» ሌላ ላሟ ናት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ቲቸር ዳዊት ሲገቡ እኔ ዴስክ ላይ ቆሜ «ተመልሷል! እኔው ነኝ ቀዳዳውን የደፈንኩት! ያኔም ይመለስ ነበር!» እያልኩ እጮሃለሁ። ነገሩ እየሰፋ ሲሄድ እሳቸውም ታከታቸው። «ወላጅ አምጪ» አሉኝ። ደስ አለኝ! አባቴ ይመጣል፤ ቀዳዳውን ያስረዳል፤ ይሄ ነገር ዛሬ ያልቃል።

አባቴ ፀጉሩን አበጥሮ መጣ። ቲቸር ዳዊት በአክብሮት ወንበር ሳቡለትና «ጋሽ ታፈሰ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ ይህን ነገር ግን እየደጋገመችው ነው» ብለው የተናገርኩትን ሁሉ ነገሩት። «እውነት እርስዎ ተመልሰው ነበር? ቀዳዳውንስ እሷ ናት የደፈነችው?»

አባቴን አየሁት። አንድ ቃል ነው የምፈልገው። እሱም አየኝ። ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ቲቸር፣ ይቅር በሏት። ልጄ ለእኔ ብላ ነው። እኔው ነኝ የረሳሁት፤ እሷ ምንም አልነካችም።»

ቲቸር ዳዊት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የሰው አባት ልጁን ለማዳን እንዲህ ያጠፋታል? «ሁለተኛ አልዋሽም» ብዬ መቶ ጊዜ ጽፌ እንዳመጣ በለዘበ ድምፅ አዘዙኝ፤ አባቴም «ተገቢ ነው» አለ። ተገቢ ነው!

መንገድ ላይ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይለኛል። «ስንት ቀን ሲያድር?» አልኩት። ቤት እስክንደርስ ከኋላዬ ነው የመጣው።

ከእራት በኋላ ደብተሬን አወጣሁ። አንድ መስመር ጻፍኩ። ሁለት ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ስክሪብቶውን ጣልኩትና ደብተሩን አባቴ ፊት ገፋሁት። «የዋሸኸው አንተ ነህ። አንተ ጻፈው» አልኩና ሄጄ ተኛሁ። እናቴ «ይህች ልጅ ዛሬ ምን ነካት?» ስትል ሰማሁ።

ጠዋት ደብተሩን ከፈትኩ። መቶውም ተጽፎ አልቋል። ወይ አባቴ! «ሁለተኛ አልዋሽም» ብሎ ሲጽፍ እንኳ የእኔን የተንጋደደ እጅ ጽሑፍ አስመስሎ ነበር።